ወዳጃ፦ ድቤና ዜማ ዱአ ሲሆኑ

ባቲ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የሰኞ ገበያዋ ነው። ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው የሚገናኙባት ይህች ከተማ የምትገኘው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ነው። ለሙዚቃ ሰዎች ደግሞ ባቲ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠር የቅኝት ስም ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ዘፈኑን ሳይሆን በመላው ወሎ የሚታወቀውን ወዳጃን ነው።

ወዳጃ ሰዎች ተሰባስበው ለታመመ፣ ለተቸገረ ወይም ለዝናብ ዱአ የሚያደርጉበት ሥርዓት ነው። ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል፣ ሸሆች ይመርቃሉ፣ ታዳሚው «አሚን» ይላል። ከዚያ መንዙማው ይጀመራል። መንዙማ አላህ የሚመሰገንበት፣ ነቢዩ ሙሐመድና ወሊዮች የሚወደሱበት ግጥም ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በዓረብኛ ይባላል፤ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማም አለ።

አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ድቤው በዝግታ ይጀምርና እየፈጠነ ይሄዳል፤ ጭብጨባው ይደምቃል፣ ተቀማጩ ይነሳል፣ ሰውነት ከምቱ ጋር ይወዛወዛል። እዚህ ላይ ተመልካች የሚባል ሰው የለም። ተቀባይ ከሌለ አውጪው ብቻውን ምንም አያደርግም። የሥርዓቱ ኃይል ያለው፣ በእኔ አመለካከት፣ እዚህ ላይ ነው፤ ብቻውን የተጨነቀ ሰው ጭንቀቱን መላው ጉባዔ ተቀብሎ በአንድ ድምፅ ሲለምንለት ይሰማል።

ታዲያ ይህ አስማት ነው? ብዙ ሰው ወዳጃን ከዛር ጋር ስለሚያምታታው ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ መልካም አየሁ በተባሉ ሴት ዙሪያ የሚካሄደውን የዛር ሥርዓት አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍም ሥርዓቱን ከቴአትር ጋር አነጻጽሮታል። በዛር ቤትም ከበሮ፣ ጭብጨባና ዘፈን አለ። ነገር ግን እዚያ የሚጠራው መንፈሱ ነው፤ መንፈሱ ሰውየው ላይ ሰፍሮ ጉሪ ያስወርደዋል፣ የሚፈልገውንም ይጠየቃል። በወዳጃ የሚለመነው አላህ ነው። መሣሪያው ቢመሳሰልም አድራሻው ይለያያል።

ክርክሩ ከሙስሊሙ ውስጥም አለ። ድቤውን፣ ጫቱንና በወሊዮች አማላጅነት መለመንን ከሃይማኖቱ ውጭ የሆነ ፈጠራ ነው ብለው የሚቃወሙ አሉ። ሌሎች ደግሞ እስልምና በወሎ ገጠር ሥር የሰደደው ማንበብ የማይችለውም ሰው በዜማ ስለተማረው ነው ይላሉ። ፍርዱን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። «ጥንቆላ ነው» ብሎ መደምደም ግን ነገሩን አለማወቅ ይመስለኛል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንዙማ በካሴት፣ ኋላም በሲዲና በኢንተርኔት በሰፊው ተሰራጭቷል። ይህ ዜማውን ከመጥፋት ይታደገዋል። ሆኖም ካሴቱ «ለማን እንለምን?» ብሎ አይጠይቅም፤ «አሚን» ቢሉትም አይሰማም። ስለዚህ ይህን ቅርስ መሰነድ የሚፈልግ ሁሉ ድምፁን ብቻ ቀርጾ መመለስ የለበትም፤ ዱአው ለማን እንደተደረገ፣ ማን እንዳወጣና ማን እንደተቀበለ፣ ምርቃቱ መቼ እንደገባም አብሮ ይመዝግብ። አለበለዚያ እጃችን ላይ የሚቀረው ዘፈን እንጂ ወዳጃ አይሆንም።