የብሪታንያና የአሜሪካ እንግሊዝኛ የምግብ ስሞች

የብሪታንያና የአሜሪካ እንግሊዝኛ በምግብ ስሞች ይለያያሉ። ለአንድ አትክልት ሁለት ስም መኖሩ ብዙም አያስቸግርም፤ ለምሳሌ ብሪታንያውያን ከፈረንሳይኛ ወስደው «ኩርዤት» የሚሉትን አሜሪካውያን ከጣልያንኛ «ዙኪኒ» ይሉታል። የሚያሳስተው አንድ ስም ሁለት ምግብ ሲያመለክት ነው።

«ቺፕስ» በብሪታንያ በትኩሱ የሚበላ የድንች ጥብስ ሲሆን፣ በአሜሪካ ታሽጎ የሚሸጠው ስስና ደረቅ ድንች ነው፤ ይህኛው በብሪታንያ «ክሪስፕስ» ይባላል። «ኮርን ፍላወር» በብሪታንያ ስጎ ማወፈሪያ ነጭ ስታርች፣ በአሜሪካ ግን የበቆሎ ዱቄት ነው። ስለዚህ የብሪታንያን የምግብ አሠራር መጽሐፍ በአሜሪካ የሚከተል ሰው ስጎው እንደተጠበቀው ላይወፍርለት ይችላል። «ፓይንት» የተባለው መለኪያም በብሪታንያ 568፣ በአሜሪካ 473 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው።

ሳንድዊች

ምግቡ ስሙን ያገኘው ከአራተኛው የሳንድዊች ኧርል ከጆን ሞንታጉ (1718–1792 እ.ኤ.አ.) ነው። በብሪታንያ ዳቦው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ቅቤ ይቀባል፤ በአሜሪካ ማዮኔዝ ወይም ሰናፍጭ ይበዛል። ብሪታንያውያን የድንች ጥብስ እንኳ ቅቤ በተቀባ ዳቦ ውስጥ ከተው «ቺፕ በቲ» ይሉታል። የተለመደው «ቺዝና ፒክል» ሳንድዊች ደግሞ አሜሪካዊን ግር ያሰኛል። በአሜሪካ «ፒክል» በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር ነው፤ በብሪታንያው ሳንድዊች ውስጥ የሚገባው ግን ከተከተፈ አትክልት የሚሠራ፣ ጣፋጭና ኮምጣጣ የሆነ ቡናማ ማባያ ነው። የአሜሪካ ልጆች ምሳ የሆነው የኦቾሎኒ ቅቤና «ጄሊ» በበኩሉ ለብሪታንያውያን እንግዳ ነው፤ እነሱ ጄሊ የሚሉት ማርማላታን ሳይሆን በጄላቲን የረጋ ጣፋጭን ነውና። የተጠበሰ ዶሮ በክብ ዳቦ ሲቀርብ በብሪታንያ «ቺክን በርገር»፣ በአሜሪካ «ቺክን ሳንድዊች» ይባላል፤ አሜሪካውያን በርገር የሚሉት በአብዛኛው ሥጋው የተፈጨ ሲሆን ነው።