የጥቅስ መዝገብና የሰው ስም
(ስለ አእምሮ ሕክምና ጥናት ታሪክ አጭር ምርመራ)

በጎጃም በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች አንድ ሊቅ ሲነሣ፣ አስቀድሞ «የማን ደቀ መዝሙር ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። የዕውቀቱ ሐረግ ከመምህር ወደ መምህር በስም ይቈጠራል። የዘመኑ ሳይንስም የራሱ ሐረግ አለው፤ ይኸውም አንድ ጽሑፍ በሌሎች ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ የሚያሳየው መዝገብ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የሳይንስ ጥቅሶችን መዝገብ በ1964 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ማውጣት ጀመሩ። ሆርሄ ሂርሽ የተባሉት የፊዚክስ ሊቅም በ2005 የተመራማሪን ሥራ በአንድ ቍጥር የሚገልጽ መለኪያ አቀረቡ፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው ቍጥሩ 20 ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ እንዲህ ያለው መዝገብ በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ጥናት ማንን እንደሚቈጥርና ማንን እንደሚያልፍ መመርመር ነው።

ከጎጃም እንጀምር። የሕዝቦችን ባህል የሚያጠኑት ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1928 እና በ1929 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ መቀመጫቸውን ደብረ ማርቆስ ባደረጉት በራስ ኃይሉ ግዛት ቈይተው ነበር። በ1930 የአንድ ሐበሻ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በፓሪስ አሳተሙ። እንዲህ ያሉት የደብተራ መጻሕፍት የጋኔንንና የቡዳን ሕመም ከሥጋ ደዌ ሳይለዩ፣ ሥሩንና ቅጠሉን ከጸሎት ጋራ ያዛሉ። በመጽሐፉ አርእስት ላይ ባለሙያው «አንድ ደብተራ» ብቻ ተብሏል፤ በጥቅስ የሚጠራው ግን የግሪዮል ስም ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት ነገሩ ጥቂት ተሻሻለ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ያስተምሩ የነበሩት ሆላንዳዊው ሮበርት ጊል ከባልደረባቸው ከቫን ለይክ ጋራ፣ በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ስለ ታየው የአእምሮ ሕመም በ1969 በእንግሊዝ መጽሔት አሳተሙ። በጊዮን ስለሚደረገው የእምነት ፈውስና ስለ መንፈስ ልክፍት በ1968 በወጣው ጽሑፍ ላይ ደግሞ፣ በሁለቱ ሆላንዳውያን ስም መካከል ገዛኸኝ የሚል የኢትዮጵያዊ ስም ይነበባል።

ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያውያን ስም ወደ ፊት መጣ። ዶክተር አታላይ ዓለም (በኋላ ፕሮፌሰር) በገጠር ኢትዮጵያ ስለ አእምሮ ጤና ያጠኑትን ጽሑፍ በ1997 በስዊድን በኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት አቀረቡ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ቀጥለው በቡታጅራ ባካሄዱት ጥናት 68,378 ሰዎች ተመርምረዋል። ይሁን እንጂ የውጭው መዝገብ ሁለተኛውን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ፣ ሥራቸው «ዓለም፣ አ.» ተብሎ በአባታቸው ስም ይቈጠራል። በዚህ ልማድ የተነሣ አንዱ ተመራማሪ በሁለት ስም ሲመዘገብ ሥራው ይከፈላል፤ የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎችም እንደ አንድ ሊቈጠሩ ይችላሉ። በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ የተባለው ድርጅት ለየተመራማሪው ባለ 16 አኃዝ መለያ በመስጠት ይህን ችግር ያቃልላል፤ ስሙ ያልተጻፈውን ደብተራ ግን ወደ መዝገቡ ሊመልሰው አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። የሕመምተኛን ስም መሰወር የሕክምና ሕግ ነው፤ ለሰውየውም ጥበቃ ነው። ዕውቀቱን የሰጠውን ባለሙያ ስም መተው ግን ጥበቃ ሳይሆን መርሳት ነው። ነገሩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። አታላይና ባልደረቦቻቸው በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የቡታጅራ ገጠር ሰዎች ለአእምሮ ሕመም በአብዛኛው ከዘመናዊው ይልቅ የባህሉን ሕክምና እንደሚመርጡ ተገልጧል። እንግዲህ ሕመምተኛው አስቀድሞ የሚደርስበትን ባለሙያ ሳያውቅ ሐኪሙ ሕመምተኛውን በሙሉ ሊያውቀው አይችልም።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። በአካባቢዋ ጥናት የሚያደርግ ተማሪ ወደ ጠበሉና ወደ ደብተራው ቤት ሲሄድ፣ ባለሙያውን ፈቃዱን ጠይቆ ስሙንና የመምህሩን ስም ይጻፍ። የጥቅሱ ቍጥር ባይጨምርለትም፣ የዕውቀቱ ሐረግ ከነባለቤቱ ለሚቀጥለው ተማሪ ይደርሳል።