ሰው ሰራሽ አስተውሎት በቴሌኮም መረብ፤ በደቡብ ምዕራብ የቡና አካባቢዎች

ሰው ሰራሽ አስተውሎትን በቴሌኮም መረብ ውስጥ ማዋል ማለት የመረቡን አሠራር የሚከታተሉ፣ ከተሰበሰበ መረጃ የሚማሩና ብልሽትን አስቀድመው የሚጠቁሙ ሥርዓቶችን መዘርጋት ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ በተለያዩ ዓመታት በወጡ አዋጆች፣ ደንብና ፖሊሲ ማዕቀፍ ውስጥ የሚታይ ነው። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው በሚገኙ የቡና ወረዳዎች ደግሞ የፖሊሲው ፋይዳ በዋናነት በሁለት ነገሮች ይለካል፤ እነዚህም የተቋረጠ መስመር የሚመለስበት ፍጥነትና አርሶ አደሩ በሚናገረው ቋንቋ አገልግሎት ማግኘቱ ናቸው።

የሕግ ማዕቀፍ

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለውድድር የከፈተ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን በተቆጣጣሪነት አቋቁሟል። ይህንንም ተከትሎ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም ፈቃድ አግኝቶ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም አገልግሎቱን በይፋ ጀምሯል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል በደንብ ቁጥር 463/2012 ተቋቁሞ በኋላ ወደ ኢንስቲትዩትነት አድጓል። ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲውም ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም በዚያው ዓመት ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ በ2019 ራሳቸውን ከመረጃ የሚያስተምሩ ሥርዓቶች በመረብ ውስጥ የሚዋቀሩበትን የአሠራር ማዕቀፍ አውጥቷል።

የአካባቢው ሁኔታ

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም በይፋ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ከክልሉ አራት መቀመጫ ከተሞች መካከል ናቸው። በአካባቢው የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች እንዲሁም በ1999 ዓ.ም የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ክምችትነት ተመዝግቧል።

ደቡብ ምዕራቡ ከአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። ጥቅጥቅ ያለው ደንና ተራራማው መልክዓ ምድር የሞባይል ሞገድን ያዳክማሉ፤ ከባድ ዝናብም ማማዎችን እርስ በርስ የሚያገናኙ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን የማይክሮዌቭ መስመሮች ያውካል። ከመንገድ ርቆ የተተከለ ማማ ኃይል ሲቋረጥበት የጥገና ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ አገልግሎቱ ሊቆይ ይችላል።

የሚጠበቀው ጥቅም

መረቡ የባትሪንና የጄኔሬተርን ሁኔታ በየጊዜው የሚመዘግብ እንደሆነ ሥርዓቱ የመድከም ምልክቶችን ለይቶ ባለሙያው ብልሽቱ ሳይከሰት እንዲንቀሳቀስ ያስችላል። ተጠቃሚ በሚያንስበት በሌሊት የአንዳንድ መሣሪያዎችን ኃይል በመቀነስም ነዳጅ ይቆጥባል። በቡና ለቀማ ወቅት የሠራተኛው እንቅስቃሴና የክፍያ ልውውጥ ሲጨምር የመረቡን አቅም አስቀድሞ ለማደላደልም ይረዳል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ አገልግሎት ላይ በመዋሉ የመስመር መቋረጥ የጥሪ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ጉዳይም ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የሚማረው ከመረጃ በመሆኑ ጥቂት ማማ ባለባቸው ቀበሌዎች የሚሰበሰበው መረጃም ጥቂት ነው። አዲስ ማማ የሚተከልበት ቦታ በአጠቃቀም ብዛት ብቻ ከተወሰነ አገልግሎት ያላገኘው አካባቢ ፍላጎት የሌለው መስሎ ሊታይና ወደኋላ ሊቀር ይችላል። አገልግሎቱን ለሁሉም የማዳረስ ግዴታ በተቆጣጣሪው አካል ክትትል ሥር እንዲሆን የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቋንቋ

በ2006 ዓ.ም የተጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች የድምፅ መልእክት አገልግሎት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ሥራ መጀመሩ ይታወሳል። በዚህ አካባቢ ግን ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ካፊኛና ሸኮኛን የመሳሰሉ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በተለይ ቤንችኛ የድምፅ ቃና ከፍታ የቃልን ፍቺ የሚለይበት በመሆኑ ንግግርን የሚለይ ሥርዓት ለማዘጋጀት በቂ የድምፅ ቅጂ መሰብሰብን ይጠይቃል። ቅጂው ሲሰበሰብም የተናጋሪዎች የግል መረጃ በአዋጁ መሠረት ሊጠበቅ ይገባል።

በመሆኑም በደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር ሰው ሰራሽ አስተውሎት ማማን፣ አስተማማኝ ኃይልንና የጥገና ባለሙያን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይሆንም።