የአፍሪካ ዋንጫ ምን ያደርግልናል?

ቅዳሜ ኮድ ስጽፍ ውዬ መስቀል ፍላወር ኳስ ለማየት ስወጣ፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ በአርሰናልና በማንቼ ማልያ ተሞልቶ ወንበር አይገኝም። ዋልያዎቹ ሲጫወቱ ግን ወንበር ሞልቷል። «የአፍሪካ ዋንጫ ምን ያደርግልናል?» ይሉኛል ጓደኞቼ።

መልሴ ከሰፈራችን ብዙ የማይርቀው አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። እዚያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሁለቴ ከመመራት ተነስታ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። በእርግጥ ተወዳዳሪዎቹ 4 ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ ለዋንጫ ይበቃ ነበር።

ግን ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ በ1949 ከመጀመሪያው ውድድር ቀርታለች። የኛን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ደግሞ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ የአስመራ ልጅ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። የአገር ቡድን «የኛ» የምንለው ማንን እንደሆነ ያሳያል። እኔን የሚገደኝ ለዚህ ነው።