ዳገት የሚያወጣው ገመና

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ ሜዳ ላይ ናት። በጨፋ በኩል፣ በቦርከና ዳር ዳር ሲሄዱ እግር አይደክምም። ዙሪያዋ ግን ዳገት ነው። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የወረደ የደጋ ሰው ማታ ሸክሙን ይዞ ይወጣዋል።

የማውቃቸው አንድ ሐጂ ሜዳው ላይ ምንም አይሉም ነበር። ዳገቱን ሲጀምሩ ነው ደረታቸውን ጭምቅ የሚያደርጋቸው። በትራቸውን ተደግፈው ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል። «ጨጓራዬ ነው» ይላሉ፤ ቤተሰቡ ደግሞ «ብርድ ነው» ይላል። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። አስተኝተው ኢሲጂ አነሷቸው። «አባባ፣ ልብዎ ደኅና ነው» ተባሉና የጨጓራ መድኃኒት ይዘው ተመለሱ። ወረቀቱ እኮ አልዋሸም። ግን የተጠየቀው የተኛ ልብ ነው።

ዊሊያም ሄበርደን የሚባል የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1768 ይህንኑ በሽታ ለባልደረቦቹ አስረድቶ ነበር። ሰው ሲራመድ፣ ይልቁንም ምግብ በልቶ ዳገት ሲወጣ ይይዘዋል፤ ሲቆም ይተወዋል አለ። ኢሲጂ የለው፣ ራጅ የለው፤ የበሽተኛውን ወሬ ግን አዳምጧል።

ምክንያቱ የታወቀው በኋላ ነው። ልብን የሚመግበው ደም ሥር እስከ ግማሹ ቢጠብ እንኳ፣ ሰውየው ካረፈ የሚያልፈው ደም ይበቃዋል። ዳገት ላይ ግን ልብ ብዙ እጥፍ ደም ይፈልጋል፤ የጠበበው ሥር ያንን አያደርስም። እ.ኤ.አ. በ1935 ቴናንትና ዊገርስ የተባሉ ተመራማሪዎች የውሻን የልብ ደም ሥር ሲዘጉ፣ ከዚያ ሥር የሚመገበው ጡንቻ ወዲያው መኮማተር ሲያቆም አዩ። ታዲያ ይህንን የሰው ደረት ሳይከፈት እንዴት ማየት ይቻላል?

መልሱ ከመርከብ ፋብሪካ መጣ ቢባል ማን ያምናል? ሄልሙት ኸርትዝ የሚባል ስዊድናዊ የፊዚክስ ሰው፣ የብረት ስንጥቅ የሚፈለግበትን የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ከማልሞ መርከብ ሠሪዎች ተውሶ ሞከረ። ከዚያም ከሐኪሙ ከኢንገ ኤድለር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1953 የልብን እንቅስቃሴ በድምፅ ሞገድ ቀረጸ። ኤድለር ይፈልግ የነበረው የጠበበ የልብ በር ነው። ይኼ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በር የሚያበላሸው በሽታ ስንት የኢትዮጵያ ልጅ ቀጥፏል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ መርጃ ማዕከልን ያቋቋሙትም ለእነዚሁ ልጆች ብለው ነው። የሐጂ ዓይነቱ በሽታ ግን «የሀብታም አገር በሽታ» እየተባለ ብዙ ዘመን ተዘንግቶ ቆየ።

በሲያትል ሮበርት ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1963 በሽተኛን በሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ላይ ማስኬድን ሥርዓት አበጀለት። በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል። አዎ፣ ዳገት ክፍል ውስጥ ገባ! እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ በኢንዲያና እነ ዋንና ፋይገንባውም ብስክሌት የሚመቱ በሽተኞችን ልብ በአልትራሳውንድ ተመለከቱ። ሁለቱ መንገዶች እዚያ ተገናኙ።

ዛሬ ሰውየው መጀመሪያ ባረፈበት ልቡ ይታያል። ከዚያ እስኪደክመው ይሄዳል። እንደወረደ በግራ ጎኑ ይተኛና ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ምስሉ ይነሣል። ጥድፊያው ልብ ካረፈ ገመናውን መልሶ ስለሚሸፍን ነው። ጤነኛ ግድግዳ ከቀድሞው አብልጦ ይጨመቃል፤ ደም ያነሰው ወገን ይዘገያል፣ ወይም ይቆማል። ይህም ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሳይሰማ፣ ኢሲጂውም ሳይለወጥ ይታያል። መሄድ ለማይችል ልብን የሚያስሮጥ መድኃኒት በመርፌ ይሰጠዋል። እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ ምስሉ የማይጠራለት ደረት አለ፣ የሚያነበውም ዓይን ልምድ ይፈልጋል።

ሐጂን ልጃቸው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ አደረሳቸው። አንድ ወጣት ሐኪም «መቼ መቼ ነው የሚይዝዎት?» ብሎ ጠየቃቸውና ማሽኑ ላይ አወጣቸው። ሲወርዱ የልባቸው የፊት ግድግዳ ሲለግም ታየ። ሐኪሙ ስክሪኑን አዙሮ ያሳያቸው ጀመር። ሐጂ ትንፋሻቸው እንኳ አልተመለሰም፤ «ዳገቱንማ እኔ መች ደበቅኋችሁ!» አሉት።