ስለ ልጅቱ ተዋናይና ስለ መጀመሪያ ሥራዋ

ሲኒማ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ቤቱን የሰይጣን ቤት ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ስያሜው ብዙ ዘመን ከሰው አፍ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከዚያው ቤት ካህን ሊመረምረው የሚገባ ነገር የሚወጣበት ጊዜ አለና፥ ስለ አንዲት ልጅ ተዋናይ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

በ2006 ዓ.ም. በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ አዘጋጅነት በአማርኛ የተሠራው ድፍረት የተባለው ፊልም ለዓለም ታየ። ታሪኩ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠልፋ፥ በግፍ ተደፍራ፥ ለማምለጥ ስትሸሽ ጠላፊዋን በጠመንጃ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ነገር ነው። ሂሩት የምትባለውን ይህችን ልጅ ሆና የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ ናት፤ ከዚያ አስቀድሞ በፊልም አልታየችም። በጠበቃዋ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ቦታ የቆመችው ግን በትወና የታወቀችው ሜሮን ጌትነት ነበረች።

የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ የሚደርሰው ብዙ ከቆጠረ በኋላ ነው። ትዝታ ግን በመወድስ ጀመረች። ከቃሏ ይልቅ ዝምታዋ ይናገራል፤ ይህም ለጀማሪ ከባዱ ነው። ፊልሙ በጥር ወር በአሜሪካ በሰንዳንስ፥ በየካቲትም በጀርመን በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ተቀበለ።

ታሪኩ ግን ከእውነት የተነሣ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ሆነ፤ የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ለልጅቱ ተሟገተላት፥ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ፊልሙ በነሐሴ 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ተመልካች ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤት ያለችው ባለ ታሪኳ ራሷ ነበረች፤ ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም ባይ ናት። እገዳው ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ።

የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። አንዲቱ ልጅ ያለ ፈቃዷ ተወሰደች፤ ሌላዪቱ ልጅ ያንኑ መከራ ተጫውታ ስም አገኘች፤ የፊተኛዪቱም ዳግመኛ ስለ ፈቃድ ጮኸች። ይህን በትዝታ ላይ ነቀፋ አድርገን አንጽፈውም። ልጅ የሰጧትን ትጫወታለች፤ ፈቃድ የመጠየቅ ዕዳ ምንጊዜም የአዋቂዎች ነው።

ሕጉም ቢሆን ፈቃድን ዘግይቶ ነው የጠየቀው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባ ከክስ ያድነው ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን በ587ኛው አንቀጽ ይህን መሸሸጊያ አፈረሰው። ፍትሐ ነገሥታችን ጋብቻን በሁለቱ ፈቃድ ላይ ካቆመው ግን ስንት መቶ ዓመት ሆነው!

የቆቦ አንባቢ ይህ የአርሲ ነገር ነው ብሎ አይለፈው። በራያ ቆላ የቆየው ልማድ ከጠለፋ ይልቅ አባቶች ተስማምተው ልጅቱን በለጋነቷ መዳር ነው። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ስለ ጥማድ በሬው፥ ጎርፍ ስለሚያጠጣው የማሽላ እርሻ፥ ስለ ዘር ቆጠራው በሰፊው ይነጋገራሉ፤ ልጅቱ በጓዳ ሆና ትሰማለች፥ ወይም አትሰማም። በሠርጉ ዕለት ማዕዱን የምንባርከው እኛ ካህናቱ ነን፤ ዕድሜዋን የምናውቀውም እኛው ነን፥ ያጠመቅናት እኛ ነንና።