ሽፈራው
ሽፈራው (ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ) ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ፣ መነሻው ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ የሆነ ዛፍ ነው። ጋሞዎች «ሀለኮ» ይሉታል።

13 ያህል ዝርያዎች ያሉት ወገኑ ሞሪንጋ፣ ለሞሪንጋሴ አስተኔ ብቸኛው ወገን ነው። ክፍለመደቡ ደግሞ፣ ለአበሳሰሉ የሚስማማ ዝምድና ሆኖ፣ ከጎመን ጋር አንድ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ኤድመንድ ቤከር ዛፉን በ1896 እ.ኤ.አ. «ዶናልድሶኒያ ስቴኖፔታላ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ሌላው ተመራማሪ ኩፎዶንቲስ በ1957 እ.ኤ.አ. ወደ ሞሪንጋ አዛወረው። «ስቴኖፔታላ» የአበባውን ጠባብ ቅጠሎች ያመለክታል።

ከሕንዱ ዘመዱ ከሞሪንጋ ኦሊፈራ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል።

ድርቅን ስለሚቋቋም ኮንሶዎች በእርከን ማሳቸው ከማሽላ ጋር ይተክሉታል፤ ቅጠሉንም ከኩርኩፋ (ከተድቦለቦለ የእህል ሊጥ ከሚቀቀል ምግብ) ጋር ይመገቡታል። የተፈጨ ፍሬው የደፈረሰ ውኃ ያጠራል።